ስለ ሐኪሞች የሚጻፉ ስም የለሽ የኢንተርኔት አስተያየቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታካሚዎችም ሐኪሞችም ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም የለሽ አስተያየት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ታካሚ ወይም አስታማሚ ስሙን ሳይገልጽ፣ አለዚያም በቅጽል ስም፣ ስለ አንድ ሐኪም በድረ ገጽ ላይ የሚያሰፍረው ጽሑፍና አብሮት የሚሰጠው የኮከብ ነጥብ ማለት ነው። ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ሲሆን፣ የሁሉም አማካይ ከሐኪሙ ስም ጎን ይወጣል። ለዚሁ ተግባር ብቻ የተቋቋሙ ድረ ገጾች አሉ፤ በአሜሪካ ሄልዝግሬድስ ከ1998፣ ሬትኤምዲስ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ሲሠሩ የቆዩ ሲሆን፣ በጀርመን ያሜዳ በሰፊው ይታወቃል። የጎግል ካርታን የመሳሰሉ፣ ስለ ማንኛውም ንግድ ቤት አስተያየት የሚቀበሉ አገልግሎቶችም ሐኪሞችን በዚያው ሚዛን ያስቀምጣሉ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ቢኖር የሐኪሙ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው እሱ ሳይጠይቅና ሳይፈቅድ መሆኑ ነው። ድረ ገጹ ስሙን፣ የሙያ ዘርፉንና የሥራ አድራሻውን ለሕዝብ ክፍት ከሆነ መዝገብ ይወስዳል። ሐኪሙ ገጹ መኖሩን የሚሰማው አንድ ቀን ታካሚ ወይም የሥራ ባልደረባ ሲነግረው ሊሆን ይችላል።

ታካሚዎች ስማቸውን የማይጽፉት ለምንድን ነው?

የሐኪሙን ስም መጥራት በሽታን መናገር ስለሆነ ነው። ስለ አእምሮ ሐኪም፣ ስለ ካንሰር ሐኪም ወይም ስለ መካንነት ሐኪም በስሙ የሚጽፍ ሰው ለአሠሪውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለወደፊት ትዳሩም ጭምር ሕመሙን በአደባባይ አሳወቀ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ታካሚው ነገ ተመልሶ በዚያው ሐኪም እጅ ሊወድቅ ይችላል፤ በተለይ የዘርፉ ሐኪሞች ጥቂት በሆኑበት ቦታ ቅሬታን በስም ማቅረብ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ስለዚህ ስም አለመጻፍን እንደ ፈሪነት ወይም እንደ ተንኮል ብቻ መቁጠር ስሕተት ይመስለናል። ተንኮለኛም በዚሁ በር ይገባል፤ በሩ የተከፈተው ግን ለእሱ አይደለም።

ሰዎች በርግጥ በእነዚህ አስተያየቶች ተመርተው ሐኪም ይመርጣሉ?

አዎ፣ ከሚገመተው በላይ። በ2014 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ አገር አቀፍ የአሜሪካውያን ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጠየቁት ሰዎች 59 በመቶው ሐኪም ሲመርጡ የኢንተርኔት ምዘናዎችን በመጠኑ ወይም በጣም አስፈላጊ አድርገው ይመለከቱ ነበር። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ምዘናዎቹን ፈልገው ካዩት መካከል 35 በመቶው በጥሩ ነጥብ ምክንያት ሐኪም መምረጣቸውን፣ 37 በመቶው ደግሞ በመጥፎ ነጥብ ምክንያት ሐኪም መተዋቸውን ተናግረዋል።

መረጃው የተሰበሰበው በ2012 እንደነበር ልብ ይሏል። የሐኪም ስም በስልክ በተፈለገ ቁጥር ኮከቡ ሳይጠሩት ከስሙ ጋር ብቅ ማለቱ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

አብዛኞቹ አስተያየቶች ክፉ ናቸው?

አይደሉም። ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ስለ ሐኪሞች የሚጻፈው አብዛኛው ምስጋና ነው። ሐኪሞች ሲጠየቁ ግን የሚያስታውሱት ያንኑ አንዱን ክፉ ነው፤ ይህም የሰው ጠባይ እንጂ የሐኪም ብቻ አይደለም።

ታዲያ አንድ መጥፎ አስተያየት ይህን ያህል የሚጎዳው ለምንድን ነው?

የአስተያየቶቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ነው። አንድ ሐኪም በዓመት በሺህ የሚቆጠር ታካሚ ሊያይ ይችላል፤ በገጹ ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት በሦስት የአሜሪካ ከተሞች የሚሠሩ 600 ሐኪሞችን በ28 ድረ ገጾች ላይ ፈልጎ፣ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከነጭራሹ ምንም አስተያየት እንደሌላቸው አግኝቷል።

ሒሳቡን እንየው። አራት ታካሚዎች አምስት አምስት ኮከብ የሰጡት ሐኪም አማካዩ 5 ነው። አንድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ አንድ ኮከብ ቢሰጠው አማካዩ በማግስቱ 4.2 ይሆናል። ይህን ወደ 4.8 ለመመለስ አምስት ኮከብ የሚሰጡ 15 ተጨማሪ ታካሚዎች ያስፈልጉታል፤ የዳነ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዶ ሥራውን ይቀጥላል እንጂ ኮምፒውተር ከፍቶ ለማመስገን አይቸኩልም። ያው አንድ ኮከብ 200 ሙሉ ነጥብ ባለው ሐኪም ላይ ቢወርድ አማካዩን ከ5 ወደ 4.98 ገደማ ብቻ ያወርደዋል፤ ማንም አያየውም። አዲስ የተመረቀው፣ ገና ሥራ የጀመረውና በትንሽ ቦታ ብቻውን የሚሠራው ሐኪም ከትልቅ ሆስፒታል ባልደረባው ይበልጥ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። አስተያየት አንባቢም ከአማካዩ በፊት ከጎኑ በቅንፍ የተጻፈውን የሰዎች ቁጥር ቢመለከት ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ኮከቡ የሕክምናውን ጥራት ያሳያል?

የሚያሳየው ታካሚው ማየት የቻለውን ነው። ታካሚ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ፣ ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ እንዳናገረው፣ ጥያቄው እንደተመለሰለት፣ የእንግዳ ተቀባይዋ ፊት እንደተፈታ ወይም እንደተቋጠረ በሚገባ ያውቃል፤ ስለነዚህ ምስክርነቱ የታመነ ነው፣ ቀላል ነገሮችም አይደሉም። የቀዶ ሕክምናው ስፌት በትክክል መሠራቱን፣ የታዘዘው መድኃኒት ከሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር መስማማቱን፣ ሐኪሙ ያላዘዘው ምርመራ በርግጥ የማያስፈልግ መሆኑን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በስምንት የሕክምና ዘርፎች ያሉ ሐኪሞችን የኢንተርኔት ነጥብ ከሙያዊ የጥራት መለኪያዎች ጋር አስተያይቶ፣ ነጥቡ ጥራቱን እንደማይተነብይ ደምድሟል።

በዚያው ዓመት ከማዮ ክሊኒክ የወጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ተመራማሪዎቹ በኢንተርኔት መጥፎ አስተያየት የተጻፈባቸውን 113 ሐኪሞች ወስደው፣ ተቋሙ ራሱ ከታካሚዎች በሚሰበስበው መደበኛ መጠይቅ ያገኙትን ውጤት መጥፎ አስተያየት ካልተጻፈባቸው ተመሳሳይ ባልደረቦቻቸው ውጤት ጋር አነጻጸሩ። ሐኪሙ ከታካሚው ጋር በነበረው ግንኙነት ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ልዩነት የታየው ከሐኪሙ እጅ ውጭ በሆኑት ጉዳዮች ላይ ነበር። በቀላል አማርኛ፣ የጥበቃው ወንበርና የቀጠሮ ስልኩ ያስቆጡት ሰው ቁጣውን የጻፈው በሐኪሙ ስም ላይ ነው፤ በገጹ ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነውና።

በሐኪሙ አሠራር ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

መጀመሪያ ጥሩውን እንናገር። ከታካሚ ፊት ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚጽፍ ሐኪም ሦስት የተለያዩ ሰዎች «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም» ብለው እንደጻፉበት ሲያነብ፣ ማንም የሥራ ኃላፊ ሊነግረው ያልደፈረውን ሰማ ማለት ነው። የቀጠሮ አሰጣጣቸውን፣ የስልክ አቀባበላቸውንና የምርመራ ውጤት አነጋገራቸውን በዚህ ምክንያት ያሻሻሉ ክሊኒኮች አሉ።

አሳሳቢው ሐኪሙ ታካሚን ከማከም ይልቅ ታካሚን ማስደሰት ሲጀምር ነው። ጉንፋን ይዞት የመጣ ሰው አንቲባዮቲክ ይጻፍልኝ ይላል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም፤ ያለ አግባብ መወሰዱም ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል። ይህን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ፣ ማዘዣ ለመጻፍ ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ያስረዳው ሐኪም ማታ «ገንዘቤን ተቀብሎ ባዶ እጄን ሰደደኝ» የሚል ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል፣ የጻፈለት ደግሞ አምስት ኮከብ። ሲጋራ አቁም፣ ክብደት ቀንስ፣ ይህ የእንቅልፍ መድኃኒት ሱስ ሆኖብሃል የሚሉ ምክሮችም ዕጣቸው ይኸው ነው። በአሜሪካ የሆስፒታሎች መደበኛ መጠይቅ ስለ ሕመም ማስታገሻ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከክፍያ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ሐኪሞችን ወደ አደገኛ ማስታገሻዎች ይገፋሉ የሚል ስጋት በመበርታቱ፣ ከ2018 የበጀት ዓመት ጀምሮ ጥያቄዎቹ ከክፍያው ስሌት እንዲወጡ ተደርጓል። ያ መጠይቅ በሥርዓት የሚሰበሰብ ነበር፤ ስም የለሹ ኮከብ ያን ያህል እንኳ ሥርዓት የለውም።

በ2012 የታተመ፣ ከ50,000 በላይ አሜሪካውያንን የተከታተለ ጥናትም በሐኪሞቻቸው እጅግ የረኩት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለሕክምና ብዙ እንዳወጡና የሞት መጠናቸውም ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ እርካታ ይገድላል አላለም፤ ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ብቻ ነው የመዘገበው። ቢሆንም እርካታና ጥሩ ሕክምና አንድ ናቸው ብሎ ለሚያስብ ሰው ቆም ብሎ ለማሰብ ይበቃል።

ሐኪሙ ለአስተያየቱ ለምን በአደባባይ መልስ አይሰጥም?

የሕክምና ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አፉን ስለሚይዘው ነው። የምግብ ቤት ባለቤት «እርስዎ የመጡት ከተዘጋ በኋላ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሐኪም ግን ጸሐፊው ታካሚው መሆኑን ማረጋገጥ እንኳ አይፈቀድለትም፤ ታካሚው ራሱ ጉዳዩን በአደባባይ ማውጣቱ ሐኪሙን ከግዴታው አያወጣውም። በአሜሪካ በ2019 ዳላስ የሚገኝ አንድ የጥርስ ሕክምና ተቋም፣ ለኢንተርኔት አስተያየት በሰጠው መልስ የታካሚን መረጃ በማውጣቱ 10,000 ዶላር ከፍሏል፤ በ2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ የጥርስ ክሊኒክ በተመሳሳይ ጥፋት 23,000 ዶላር ከፍሏል።

ወጥመዱ ስውር ነው። «የደም ግፊትዎ የጨመረው መድኃኒትዎን ስላቋረጡ ነው» ማለት ጥሰት መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። «ባለፈው ማክሰኞ ሲመጡ ስለተጉላሉ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ጨዋ መልስ ግን ሰውየው በዚያ ቀን መታከሙን አረጋግጧልና እሱም ችግር አለበት። የሚያዋጣው እንዲህ ያለ ነው፦ «አስተያየትዎን አንብበናል። የማንኛውንም ታካሚ ጉዳይ በዚህ ቦታ መወያየት ስለማይፈቀድልን፣ ያሳዘነዎትን ነገር በቀጥታ ለመስማት ዝግጁ ነንና እባክዎ ወደ ክሊኒኩ ይደውሉ።» ደረቅ ይመስላል፤ የሚጻፈው ግን ለተቆጣው ሰው ብቻ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ገጹን ለሚያነቡት ጭምር ነው። በንዴት የተጻፈ መልስ አንድ ሌሊት ቢያድር ይመረጣል።

ታካሚው አስተያየት እንዳይጽፍ አስቀድሞ ማስፈረም ይቻላል?

ይህ በአሜሪካ ተሞክሯል። አንዳንድ ሐኪሞች ታካሚው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በሚፈርመው ወረቀት ላይ ስለ እነሱ ምንም እንዳይጽፍ፣ ቢጽፍም የጽሑፉ የባለቤትነት መብት ወደ ሐኪሙ እንዲዛወር የሚል አንቀጽ ያስገቡ ነበር። በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው በሚያቀርቧቸው ተመሳሳይ የውል ቅጾች እንዲህ ያለ ክልከላ እንዳያስገቡ አግዷል። ሕግ ባይከለክለውም ጥርሱን እያመመው የመጣን ሰው አፍህን ዝጋ ብሎ ማስፈረም ምን ዓይነት መተማመን እንደሚፈጥር መገመት አያዳግትም።

አስተያየቱ ሐሰት ቢሆን፣ ጸሐፊውም ታካሚ ሆኖ የማያውቅ ሰው ቢሆንስ?

የመጀመሪያው እርምጃ ለድረ ገጹ ማመልከት ነው፤ ከማመልከት በፊት ግን ገጹን ከነቀኑ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይገባል፣ ጸሐፊው ሊያጠፋው ወይም ሊለውጠው ይችላልና። «ውሸት ነው» ብሎ መጻፍ ብቻ አያስኬድም። በዚያ ቀን ክሊኒኩ ዝግ እንደነበር፣ የተጠቀሰው ሕክምና እዚያ እንደማይሰጥ፣ ወይም ያው ጽሑፍ በሌሎች ሐኪሞች ገጽም ላይ ቃል በቃል እንደሚገኝ ማሳየት ያስፈልጋል።

የጀርመን ፌዴራል የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2016 በአንድ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። ሐኪሙ «ይህን ሰው አላከምሁትም» ብሎ ሲቃወም፣ ድረ ገጹ ጸሐፊውን አነጋግሮ ሕክምናውን በዝርዝር እንዲገልጽ፣ እንደ ደረሰኝ፣ የቀጠሮ ካርድና የመድኃኒት ማዘዣ ያሉ ማስረጃዎች ካሉትም እንዲያቀርብ መጠየቅ አለበት ተብሏል። ጸሐፊው ስሙ ለሕዝብ ሳይወጣ፣ ቃሉ ግን ይጣራል ማለት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሐሰተኛ አስተያየት መጻፍን፣ መግዛትንና መሸጥን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩትን ጨምሮ፣ የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ደንቡ ሐኪሙን የሚጠላ ተፎካካሪን ብቻ አይመለከትም፤ ለራሱ ምስጋና የሚያስጽፍ ሐኪምም ከዚያው ይወድቃል።

ሐኪሙ ጸሐፊውን መክሰስ ወይም ማንነቱን እንዲገለጥለት ማስገደድ ይችላል?

መልሱ እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል፤ በየትም ቦታ ግን ቀላል አይደለም። በአሜሪካ በ1996 የወጣው ሕግ ድረ ገጾች ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር በአብዛኛው ተጠያቂ እንዳይሆኑ ስለሚከላከልላቸው፣ ክሱ የሚያነጣጥረው በጸሐፊው ላይ ነው። እሱም ቢገኝ «ሐኪሙ ትሕትና የለውም» የሚለው አስተያየት እንጂ በማስረጃ እውነት ወይም ሐሰት የሚባል ነገር አይደለም። በ2013 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የነርቭ ሐኪም በታካሚው ልጅ ላይ ያቀረቡትን የስም ማጥፋት ክስ ያልተቀበለው፣ የተጻፉት ቃላት ወይ በመሠረቱ እውነት ወይም ስም አጥፊ ትርጉም የሌላቸው ናቸው ብሎ ነው። በጀርመን ደግሞ በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረ ገጹ የጸሐፊውን ማንነት ለሐኪሙ እንዲገልጽ የሚያስገድድ ሕግ የለም ብሎ ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ ግን በተወሰኑ የወንጀል ይዘት ባላቸው ጽሑፎች ላይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚገለጥበት መንገድ ተከፍቷል።

ከሕጉ ባሻገር አንድ ተግባራዊ ችግር አለ። አሥራ ሁለት ሰው ያነበበው ጽሑፍ ክስ ሲመሠረትበት ዜና ይሆናል፣ ዜና ሲሆንም ሐኪሙን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ገጹ ላይ ይሰፍራሉ። ሕይወት ጠፋበት፣ ታካሚን ደፈረ የሚል የፈጠራ ውንጀላ ሲሆን ክስ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለተራ ወቀሳ ግን የጠበቃ ደጅ መርገጥ ብዙውን ጊዜ እሳትን በቤንዚን እንደ ማጥፋት ነው።

ሐኪሙ ገጹ ከነጭራሹ እንዲጠፋለት መጠየቅስ?

ያው የጀርመን ፍርድ ቤት በ2014 የአንድ የማሕፀን ሐኪም ጥያቄን ውድቅ አድርጎ፣ የሕዝብ መረጃ የማግኘት መብት ያመዝናል ብሏል። በ2018 ግን አንዲት የኮሎኝ የቆዳ ሐኪም ረቱ። ምክንያቱ የአስተያየቶቹ ይዘት አልነበረም፦ ድረ ገጹ ገንዘብ በማይከፍሉ ሐኪሞች ገጽ ላይ የከፋይ ተፎካካሪዎቻቸውን ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፤ በከፋዮቹ ገጽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይታይም ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዲህ የሚያደርግ ድረ ገጽ ገለልተኛ መረጃ አቅራቢ ነኝ ሊል አይችልም አለ። አስተያየት የሚሰበስበው ራሱ ነጋዴ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ሲረሱት ይታያል።

ጸሐፊዎች ሁሉ ስማቸውን እንዲገልጹ ቢገደዱ ችግሩ አይፈታም?

ውሸታሙን ከማስቆሙ በፊት እውነተኛውን ታካሚ ዝም ያሰኛል። መጀመሪያ የሚጠፉት የአእምሮ ሕሙማን፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎችና በአንድ ሐኪም እጅ በደል የደረሰባቸው ሴቶች ናቸው፤ ስም ለመጻፍ የማይቸገረው ደግሞ በመኪና ማቆሚያ የተናደደው ሰው ነው። ሐኪሙ የሚያገኘው ጥቂትና የተዛባ ምስክርነት ይሆናል።

የተሻለው መንገድ ስሙን ሳይሆን መታከሙን ማጣራት ነው። የዩታ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተቋም በ2012 ከታካሚዎቹ በመጠይቅ የሰበሰበውን ነጥብና ጽሑፍ፣ መጥፎውንም ጨምሮ፣ በራሱ ድረ ገጽ ማውጣት ጀመረ። መጠይቁ የሚላከው በርግጥ ለታከመ ሰው በመሆኑ ተፎካካሪም ዘመድም አይገባበትም፤ የታካሚው ስም አይወጣም፤ ለብዙዎች ስለሚላክም አራት አምስት ሰው የሐኪሙን ዕድል አይወስንም። ተቋሙ የራሱን መጥፎ ዜና ይደብቃል የሚለው ጥርጣሬ ግን አግባብ አለው፤ የትኛው ጽሑፍ እንደሚወጣና የትኛው እንደሚቀር አስቀድሞ የታወቀ ደንብ ከሌለ ጥርጣሬው አይወገድም።

ሐኪሙ በርግጥ ከባድ ጥፋት አድርሶ ከሆነ አስተያየት መጻፍ ይበቃል?

አይበቃም። ኮከብ የታካሚን የሕክምና መዝገብ ሊያስከፍት፣ ሐኪሙን ሊያስጠራ፣ ፈቃዱን ሊያግድ አይችልም፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ለሆስፒታሉ የቅሬታ ክፍል ወይም የሐኪሞችን የሙያ ፈቃድ ለሚቆጣጠረው አካል በስም፣ በቀንና በማስረጃ የቀረበ አቤቱታ ነው። ብዙ ሰዎች ሌሊት ረጅም አስተያየት ጽፈው ከተነፈሱ በኋላ ያመለከቱ ይመስላቸዋል፤ የአቤቱታው ጊዜ ገደብ ግን እየቆጠረ ነው። የአደባባይ ጽሑፉም በኋላ ከአቤቱታው ጋር ሲተያይ የሚጋጭ ነገር ከተገኘበት በራሱ በታካሚው ላይ ሊነሣበት ይችላል።

በሐኪሙ በኩልም ስም የለሽ ነው ብሎ የማይታለፍ ጽሑፍ አለ። «የናሙናው ውጤት ደርሶ ነበር፣ ማንም አልደወለልኝም» የሚል አንድ መስመር ሲያነብ የመጀመሪያ ሥራው ጸሐፊው ማን እንደሆነ መገመት ሳይሆን፣ ባለፉት ወራት ደርሰው ለባለቤታቸው ያልተነገሩ የምርመራ ውጤቶች መኖር አለመኖራቸውን መዝገብ ገልጦ ማየት ነው።